ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው አባቴ

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 9

ዛሬም አንዷ መጥታ አባትሽ ቅዱስ ነው አለችኝ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ናት። ፓስታ በቱና ሠርታ፣ በፎይል ሸፍና፣ በር ላይ ቆመች። የጫማዋ በረዶ ምንጣፉ ላይ ይቀልጣል። «ከብዙ ዓመት በፊት በገና ዋዜማ የቤታችን ማሞቂያ፣ ቦይለሩ፣ ሲሞት ሉዊ ነው የደረሰልን። እሱ ባይኖር ልጆቼ በብርድ ያልቁ ነበር» አለች። አውቃለሁ አልኳት። በዚያ የገና ዋዜማ እኛ እራት አቅርበን እየጠበቅነው ነበር። ይህን አልነገርኳትም። ተኝቷል ብዬ መለስኳት።

አልተኛም ነበር።

«ማነው?» አለ ከክፍሉ።

«ማንም አይደለም።»

ይህን ደብተር የገዛሁት በነርሷ ምክር ነው። በሳምንት ሁለቴ እየመጣች የአባዬን ልብ ታዳምጣለች። ባለፈው የቁም ሳጥኑን በር በኃይል ሳላትመው አየችና «ሎሬን፣ በሮቹን ከምትሰብሪ ጻፊው» አለችኝ። እየጻፍኩ ነው እንግዲህ። አባዬ ዘጠና ዓመቱ ነው። በኖቬምበር ከደረጃ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፤ ልቡም ደክሟል። ሐኪሞቹ በጋን አያይም ብለውናል። ወንድሜ ዴኒስ ሚኒያፖሊስ ነው፣ ሥራ ይበዛበታል። ስለዚህ እኔ። ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ፈቃድ ወስጄ፣ በስልሳ ዓመቴ፣ ልጅ ሆኜ ወደተኛሁበት ክፍል ተመለስኩ። ግድግዳው አሁንም ሮዝ ነው። ሮዝ ወድጄ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

ውጭ ምራቅ እንኳን በረዶ ይሆናል። ጠዋት ቧንቧዎቹ መንኳኳት ጀመሩ፣ የአባዬ ክፍል ማሞቂያም በረደ።

«ዴኒስን ጥሪው» አለኝ።

«ዴኒስ አራት ሰዓት መንገድ ነው። ደግሞ ዴኒስ ስለ ቧንቧ ምን ያውቃል?»

«ለሰው ይነግራል።»

«እኔ አለሁ።»

ጣሪያውን አየ። ምድር ቤት ወረድኩ። ውሃውን የሚያዞረው ሞተር ደክሟል፣ መስመሩም አየር ይዟል። የእሱን መፍቻዎች ከግድግዳው አወረድኩ። ካየኋቸው ብዙ ዘመን ሆኗል፤ እጄ ግን አልረሳም። ሞተሩን ፈትቼ አጸዳሁ፣ አየሩን አስወጣሁ፣ ከዚያ ባልዲ ላይ ተቀምጬ መስመሩ ሲሞቅ ጠበቅሁ። ስወጣ እጄ ጥቁር ነበር።

ዓይኑን ጨፍኖ ቧንቧዎቹን ያዳምጣል።

«ጸጥ አለ» አለ።

ይኸው ነው። ጸጥ አለ። ሌላ ሰው ቢሠራው ኖሮ አመሰግናለሁ ይል ነበር። ለጎረቤት ውሻ እንኳን አመሰግናለሁ ይላል።

ለቡናው አንድ ማንኪያ ስኳር ሰጠሁት። የሚወደው ሦስት ነው። ሐኪም ከልክሏል አልኩት። ሐኪም አልከለከለም።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 19

ከቅዳሴ በኋላ እንደ ሁልጊዜው እማዬ ጋ ሄድኩ። የመቃብሩን መንገድ አልጠረጉትም፤ በረዶው ጉልበቴ ድረስ ነው። ድንጋይዋን በጓንቴ ጠረግሁ። ስለ እሱ ነገርኳት። «አባትሽ እንዲህ ነው፣ ቻዪው» ትለኝ ነበር በሕይወት ሳለች። ከእሷ በቀር በዚያ ቤት ማን አቅፎኝ ያውቃል?

ስመለስ ዴኒስ ደወለ። አባታችን ሳይሞት የሞቱን ማስታወቂያ ጽፎ ጨርሷል። አነበበልኝ። «ሉዊ ስተርሊ፣ ታማኝ ባል፣ ለቤተሰቡ ያደረ አባት፣ ከስልሳ ዓመት በላይ የከተማችን ቧንቧ ሠራተኛ፣ ሙያውን ለልጁ ያወረሰ…»

«ለየትኛው ልጁ?» አልኩት።

«ሎሬን፣ አሁን አትጀምሪ።»

ዘጋሁበት።

አትጀምሪ ይለኛል። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ከአባዬ ጋር መሥራት ጀመርኩ። በሃያ ዓመቴ የአንድ ቤት መስመር ብቻዬን እዘረጋ ነበር። ደንበኞቹ «ልጅቷን ላክልን» ይሉት ነበር። በ1987 መከር ላይ የፍሳሽ መስመር ስንቀይር የጉድጓዱ ግድግዳ ተንዶ እስከ ደረቴ ያዘኝ። እስከ ደረቴ ብቻ ነው፣ ማንም አልሞተም። እሱና የሥራ ባልደረባው ኤይኖ አካፋው እንዳይጎዳኝ ብለው በእጃቸው ቆፍረው አወጡኝ። የጎድን አጥንቴ ተሰነጠቀ፣ ዳነ። ወደ ሥራ የምመለስበትን ቀን ስጠብቅ፣ እራት ላይ፣ ሁላችንም በተቀመጥንበት፣ «ሴት ልጅ ለዚህ ሥራ አትሆንም። ከሰኞ ጀምሮ ዴኒስ ነው ከእኔ ጋር» አለ አባዬ። ዴኒስ ገና ትምህርቱን መጨረሱ ነው፤ ቀኙንና ግራውን የማያውቅ ልጅ። እማዬ ዳቦ እየቆረጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች። አንድ ቃል አልወጣትም። ማልቀስ ስጀምር ግን ክፍሌ ድረስ መጥታ አቅፋኝ ተኛች።

መኪናው በር ላይ «ስተርሊና ልጁ» ብሎ አጻፈ። ዴኒስ ዓመታት ሠራና ደንበኞቹን ለአንድ ድርጅት ሸጦ ሄደ። እኔ የሁለት መቶ ልጆች ሾርባ አማስላለሁ።

ይህን ነው የማልጀምረው።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 23

ኤይኖ መጣ። በየሐሙሱ ይመጣል፣ አያንኳኳም። ሌሎቹን መመለስ እችላለሁ፣ ይህኛው ግን በኋላ በር ገብቶ ካርታውን በአባዬ ብርድ ልብስ ላይ ይደረድራል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲጫወቱ ስለ ቧንቧ ነው የሚያወሩት። የትኛው ቤት ምን ዓይነት መስመር እንዳለው፣ ማን ግድግዳ ውስጥ ምን እንደቀበረ።

«የቄሱን ቤት ማን ነበር የሠራው?» አለ ኤይኖ።

«ሎሬን» አለ አባዬ። «እስከ ዛሬ አላፈሰሰም።»

በሩን ዘጋሁባቸው።

እሑድ፣ ፌብሯሪ 2

ትኩሳት። ሌሊቱን ስንለዋወጥ አደርን፣ እሱ በመንቀጥቀጥ እኔ በፎጣ። ነርሷ መጣች። ሳንባው ነው አለች። እማዬ ጋ ሄጄ ቶሎ ተመለስኩ።

ሰውነቱን ሳጥበው ጣቶቹን አየሁ። የቀኝ እጁ ሁለት ጥፍሮች ጠማማ ናቸው፣ እንደ ቅርፊት። ከ1987 ጀምሮ እንዲህ ናቸው። አጥቤ ሸፈንኳቸው።

ዴኒስ ደወለ፣ አላነሳሁም። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ደግሞ መጣች። መለስኳት። ሁለት ወንዶች ከድሮው የሠራተኞች ማኅበር መጡ። መለስኳቸው። አንደኛው «ባለፈውም ተኝቷል ነበር ያልሽን» አለ። ይታመማል ሰውዬ፣ ይተኛል፣ ምን ይደረግ። በየቀኑ እየመጡ ከሱ ምን እንደሚፈልጉ አላውቅም። እኔ የማጥበውን ሰው እነሱ አያውቁትም።

ሐሙስ፣ ፌብሯሪ 6

ይህን በደንብ መጻፍ አለብኝ፤ ነገ ስነቃ ሌላ ነገር እንዳይመስለኝ።

ትኩሳቱ ወርዷል። ኤይኖ አጠገቡ ነበር። ቡና ሳመጣ አባዬ ስኳር ጨምሪ አለኝ። «አልጨምርም» አልኩት። ደግሞ ጠየቀ። «አንተ ያሰብከውን ሁሉ ሰው ላይ አድርገሃል፤ ስኳርህን እንኳን እኔ ልወስን» አልኩት። በኤይኖ ፊት። አባዬ ሲኒውን ይዞ መስኮቱን አየ። ኤይኖ ካርታውን አስቀመጠ።

ወጥ ቤት ስገባ ተከትሎኝ ገባና በሩን ዘጋ።

«ተቀመጪ ሎሬን።»

«ሥራ አለብኝ።»

«ቆመሽም ስሚኝ እንግዲህ። ከሥራ ያስወጣሽ አባትሽ አይደለም።»

«በገዛ አፉ ነው የነገረኝ። አንተ እዚያ አልነበርክም።»

«እራቱ ላይ አልነበርኩም። ካወጣንሽ ማግስት ግን ጋራዡ ውስጥ ነበርኩ፤ እጁን እያሰርኩለት። እናትሽ ስቴፊ መጣች። ‹ልጄን ሁለተኛ ጉድጓድ ካስገባሃት ልጆቹን ይዤ እህቴ ጋ እሄዳለሁ› አለችው። እየቀለደች አልነበረም። እናትሽን ታውቂያታለሽ።»

ፎጣውን ከእጄ አስቀመጥኩ።

«እሱ ምን አለ መሰለሽ? ‹ሥራው የእሷ ነው ስቴፊ፣ ከእኔም ትሻላለች› አላት። ‹እንግዲህ ምረጥ› አለችው። ሲሸነፍ ደግሞ ‹እኔ እንዳልኩ እንዳትነግራት፣ ትጠላኛለች› አለችው። እኔን ዞር ብላ አይታ ‹አንተም› አለችኝ።»

«ውሸት ነው።»

«እሺ፣ ውሸት ይሁን።» ቆቡን አደረገ። «ሰማንያ ሊሞላኝ ነው። ይዤው መሞት አልፈለግኩም።»

ሲወጣ አባዬን ደህና ሁን እንኳን አላለውም።

ኤይኖ አርጅቷል። ደግሞ እማዬን መጀመሪያውኑ አይወዳትም ነበር፤ በቦት ጫማ ቤት ሲገባ ስለምትቆጣው።

ዓርብ፣ ፌብሯሪ 7

ጠየቅሁት። ሾርባውን እያጎረስኩት።

«ኤይኖ አንድ ነገር ነገረኝ።»

«ኤይኖ ያወራል።»

«ኤይኖ አያወራም። ከሥራ ያስወጣችኝ እማዬ ናት አለ።»

ማንኪያውን ወደ አፉ አስጠጋሁ። አፉን አልከፈተም።

«አባዬ። አንተ ነህ ወይስ እሷ?»

ዞረና ዓይኔን አየኝ።

«እኔ ነኝ። እናትሽን ከዚህ አውጫት። ሴት ልጅ ለዚያ ሥራ አትሆንም ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። ሾርባው ቀዝቅዟል፣ አሙቂው።»

አባዬ ሲናገር የሰው ዓይን አያይም። ዕድሜ ልኩን ወይ ግድግዳ ወይ ቧንቧ እያየ ነው የሚያወራው። ዛሬ ግን ዓይኔን እያየ ነው የተናገረው። ስለዚህ እውነቱን ነው። የዋሸው ኤይኖ ነው።

ሾርባውን አሞቅሁ። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ቡናም አመጣሁ። እስኪጨርሰው አጠገቡ ተቀመጥኩ።

እሑድ፣ ፌብሯሪ 9

እማዬ ጋ አልሄድኩም። መንገዱ መጥፎ ነው።

እሑድ፣ ፌብሯሪ 16

አልሄድኩም። በረዶ።

ጎረቤት ሁሉ መኪናውን አውጥቶ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል።

ሐሙስ፣ ፌብሯሪ 27

ኤይኖ ባለፉት ሁለት ሐሙሶች ቀርቶ ዛሬ መጣ። አስገባሁት። አባዬ ካርታ መያዝ አይችልም፤ ኤይኖ ለሁለቱም እየተጫወተ አባዬን አሸናፊ አደረገው።

ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ሰዎች መጡ፣ እነሱንም አስገባሁ። ብዙ ሳቁ። አንደኛው «እናታችሁ ታማ ሳለች ሉዊ ጀርባው እየታመመ ወደ መታጠቢያው ተሸክሟት ይሄድ ነበር። ሰው ልቅጠርልህ ስለው ‹ራቁቷን ሌላ ሰው አያያትም› አለኝ» አለ። እኔም አይቻለሁ። በዚያን ጊዜ እማዬን አዝዬ ያንን ደረጃ የምወጣው እኔ መሆን ነበረብኝ ብዬ ተናድጄበት ነበር። እሷ ግን እሱን ነበር የምትጠራው።

አመሻሽ ላይ ጠራኝ። «ሎሬን፣ ትልቁን መፍቻ» አለ፣ እጁን ዘርግቶ። ዓይኑን ጨፍኗል። በሐሳቡ የት እንዳለ አላውቅም፣ በየትኛው ምድር ቤት።

እጄን ሰጠሁት። ያዘው። መፍቻው መስሎት ነው።

ረቡዕ፣ ማርች 5

ሞተ። ጠዋት፣ ነርሷ እያለች። ለዴኒስ ደወልኩ። አንሶላውን አጠብኩ።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ከዴኒስ ጋር ተጣላን። እዚህ፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ማስታወቂያውን እያረምን። እስክሪብቶ ወስጄ «ሙያውን ለልጁ ያወረሰ» የሚለውን ሰረዝኩት።

«ለምን? እውነት ነው» አለ።

«ለአንተ ነው የሰጠው? ቦይለርን ከምድጃ ሳትለይ?»

«ሎሬን፣ እኔ ያንን ሥራ አንድ ቀን ወድጄው አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ከመኪናው ሳልወርድ ያስታውከኝ ነበር። አንቺ ስጦታ የተነጠቅሽ ይመስልሻል።»

«ታዲያ እምቢ አትልም ነበር?»

«ብያለሁ። እምቢ ብያለሁ። ሥራውን ለሎሬን ስጣት አልኩት። ያኔ ነው የነገረኝ።»

የነገረህ ምንድን ነው አልኩት። ፊቱ ቀላ። ነገር ሲደብቅ ፊቱ እንደሚቀላ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቃለሁ።

«እማዬ መሆኗን ታውቅ ነበር?»

«አባዬ እንዳትነግራት አለኝ።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ ኤይኖ፣ አክስት አልቢና። ሎሬን፣ ምን ላድርግ? እማዬ ከሞተች በኋላም እንንገራት ብዬው ነበር። ጮኸብኝ። አባዬ ጮሆብኝ አያውቅም።»

በየገናው በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። እኔ ለአባቴ ሳህን ስወረውርለት፣ ልደቱ ላይ ስቀር፣ በሰው ፊት ስሰድበው፣ ሁሉም እያወቁ ሥጋ ይቆርጡ ነበር። እሱም አብሯቸው ይቆርጥ ነበር። ለእኔ የጫፉን ነበር የሚያስቀምጥልኝ፣ ያረረውን፣ እሱን ስለምወድ።

ዴኒስን ከቤቱ ውጣ አልኩት። ቤቱ የሁለታችን ነው አለ። እንግዲያው በግማሽህ ውስጥ ተቀመጥ አልኩት። ምድር ቤት ወርጄ ቦይለሩ አጠገብ ቆየሁ። ስወጣ ሄዷል። ወረቀቱን ትቶልኛል፤ የሰረዝኩትን እንደ ተሰረዘ።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

የፍትሐት ቅዳሴው ተደረገ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው ደረጃ ላይ ቆመ። ከተማው በሙሉ ቦይለር ነበረው ማለት ነው። እያንዳንዱ እጄን ይዞ አንድ የሚያፈስ ቧንቧ ይነግረኛል። ማስታወቂያው ጋዜጣው ላይ ወጥቷል፤ «ለቤተሰቡ ያደረ» የሚለውን እንዳለ ትቼዋለሁ። ሌላ ምን ብዬ ልጻፍ? ቃል አጣሁ።

መሬቱ በብርድ እንደ ብረት ስለጠጠረ ሬሳው እስከ ጸደይ በመቃብሩ ስፍራ በሬሳ ማቆያው ቤት ውስጥ ይቆያል። እዚህ ክረምት የሞተ ሁሉ ይጠብቃል። ቁልፉን ሲያዞሩበት ሰማሁ።

የእማዬ መቃብር ከዚያ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። አላየሁም ወደዚያ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 10

ዛሬ ቀበርነው። መሬቱ ለስልሷል፣ ዝናብም ነበር። ከእማዬ አጠገብ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ስሙ ከተጻፈ ቆይቷል፣ የሞተበት ዓመት ብቻ ነበር የቀረው። ቄሱ አጠር አደረጉት። ዴኒስ በአንድ በኩል ቆመ፣ እኔ በሌላው። ከማርች ወዲህ አልተነጋገርንም። ኤይኖ ቆቡን ይዞ ከኋላ ነበር።

ከዚያ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ምሳ ነበር፤ ቋሊማ፣ ጎመን፣ ሴቶቹ የጋገሩት ፖቲሳ፣ ያ በዋልነት ለውዝ የተሞላ ጥቅል ዳቦ። አክስት አልቢና የእማዬ ታናሽ ናት። ከእማዬ ጋር አንድ ዓይነት አፍንጫ ስላላቸው ላያት አልፈለግኩም። እሷ ግን ምርኩዟን እየተከለች መጣችና ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ማወቅሽን ዴኒስ ነገረኝ። ስቴፊን አትቀየሚያት ልጄ።»

«እሺ» አልኳት፣ እንድትተወኝ።

«ፈርታ ነው። ከጉድጓድ ያወጡሽ ቀን ጸጉርሽ ውስጥ የነበረውን አፈር እሷ ነበረች ያጠበችው። ለብዙ ቀን አልተኛችም።»

«ፈርታ ከሆነ ፈራሁ ትበለኝ ነበር። ለምን እሱ ላይ ትጭነዋለች?»

አልቢና ዳቦውን ሳህኑ ላይ ወዲያ ወዲህ አደረገችው።

«ልትሞት ስትል ልትነግርሽ ነበር» አለች። «አልጋው ጋ ነበርኩ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ‹ሉዊ፣ ሎሬንን ጥራልኝ፣ እኔ መሆኔን ልንገራት› አለችው። አልጠራም አላት።»

«አልጠራም?»

«‹እኔን መጥላት ለምዳዋለች፤ እኔም ለምጄዋለሁ› አለ። ‹ዛሬ ከነገርሻት ግን ነገ የምታለቅስለት እናት አይኖራትም› አላት። ስቴፊ አለቀሰች። እሱ ፊቷን ጠረገላትና ‹አሁን ተኚ› አላት። በዚያው ሳምንት ሞተች።»

እጄን ያዘችኝ። እንባዬን እየጠበቀች ነበር መሰለኝ።

«ማን ጠየቀው?» አልኳት።

«ምን?»

«ስለ እኔ ማን ጠየቀው? ሁለት ጊዜ ስለ እኔ ወሰነ። አንድ ጊዜ ሥራዬን፣ አንድ ጊዜ አባቴን ወሰደብኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠላሁት። ይህን ሁሉ ማን ጠየቀው?»

«ማንም» አለች አልቢና።

ተነሳሁ። ዴኒስ በሩ አጠገብ «ሎሬን» አለኝ፣ አልፌው ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሰካሁ፤ ከዚያ ነቅዬ ወደ መቃብሩ በእግሬ ሄድኩ። ሠራተኞቹ አፈሩን ሞልተው ሄደዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፣ በአንድ ድንጋይ ስር። ለየትኛቸው ምን እንደምናገር አላወቅኩም። እሷን ልሳደብ ብል እሱ ይሰማል፤ እሱን ልሳደብ ብል ደግሞ አፌ አልከፈት አለ። ስለዚህ ለሁለቱም ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ዝናቡ መልሶ ጀመረ። ካፖርቴ አዳራሹ ውስጥ ቀርቷል።

እስኪመሽ ድረስ ከዚያ አልሄድኩም።